ቀማሽ ያጣው ጥቅል

«ቤተሰብም ጎረቤትም፣ የሰማህ ላልሰማው አሰማ! የፊታችን ረቡዕ፣ ልክ በሦስት ሰዓት፣ በእኔ በባላምባራስ እጅጉ ቤት እንቁላል ይሰበራል፤ ዱቄት በወተት ይበጠበጣል፤ አይብም በስስ ቂጣ ይጠቀለላል! አልሰማሁም የሚል እንዳይኖር!»

ባላምባራስ ይህን ያወጁት እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ደጃፋቸው ካለችው ድንጋይ ላይ ወጥተው ነው። ነጋሪት ስለሌላቸው የበረቱን ሳንቃ በከዘራቸው ሦስት ጊዜ ጎሰሙት። ሰሚዎቹ ሚስታቸው ሀብትነሽ፣ በአጥሩ ሥር የሚያልፉ አንዲት ባልቴትና ስድስት ዶሮዎች ነበሩ። ነገሩ በቀጥታ የሚነካቸው ዶሮዎቹ ቀና ብለውም አላዩ። ባልቴቲቱ ግን ቆሙ።

«እንቁላሉ የሚሰበረው ለማን ነው ባላምባራስ?»

«ለመንግሥት።»

«መንግሥት እንቁላል ይበላል እንዴ?»

«የአሁኑ ይበላል።»

ባልቴቲቱ አማተቡና መንገዳቸውን ቀጠሉ። ሀብትነሽ አልሳቀችም። ከአዋጁ ሁሉ የሰማችው ረቡዕ የሚለውን ብቻ ነበር። ረቡዕ ወንድሟ በዚህ ደጃፍ ይገባል። ወይ እዚሁ ተፈትቶ ይቀራል፣ ወይ ታስሮ ወደ ቡሬ ይመለሳል። ከተመለሰ ደግሞ ከጣሊያኑ ምሽግ ጀርባ ሰው የሚሰቀልበት አንድ ትልቅ ዋርካ አለ፤ በዚያ ዋርካ ጥላ ሥር ከብት እንኳ መተኛት ትቶ ነበር።

ወራቱ ጥቅምት፣ ዘመኑ ሠላሳ አንድ ነው። ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽግ ሠርቶ ተቀምጧል። የባላምባራስ ቤት ከከተማው በበቅሎ የግማሽ ሰዓት መንገድ፣ ከፈጣም ወንዝ ወዲህ ነው። ባላምባራስነቱን የሰጣቸው የድሮው መንግሥት ነበር፤ ያጸደቀላቸው ደግሞ የአሁኑ። እሳቸውም ሁለቱንም እኩል ያመሰግኑ ነበር፤ አንዱን ጮክ ብለው፣ አንዱን በሹክሹክታ።

የሀብትነሽ ወንድም እንዳለው ይባላል። በመንግሥት መዝገብ እንዳለው ሞቷል። አምና ጫካ ከገቡት ጋር ስሙ በተጠራ ጊዜ ባላምባራስ በቅሏቸውን ጭነው ምሽግ ሄዱና፣ «አማቼ ዓባይ በረሃ ወርዶ በንዳድ ሞተ» ብለው ተናገሩ። የሞተ ሰው ደግሞ ተዝካር አለው። ተዝካሩ ተደገሰ። የንስሐ አባታቸው አባ ክንፈሚካኤል በደህና ሰው ላይ ጸሎት እንዴት እንደሚደርስ አንድ ሙሉ ቀን ካሰቡ በኋላ፣ ለብዙ ሙታን የሚሆን ጸሎት ስም ሳይጠሩ አደረሱ። ከምሽጉም ለማጽናኛ ግማሽ ጆንያ ስኳር ተላከ። በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ሟቹ ራሱ በጓሮ በኩል መጥቶ የተዝካሩን ትራፊ በላ። ሁለት ጊዜ ከጎረሰ በኋላም፣ «እታለም፣ ጨው የለውም እኮ» አላት።

ሁልጊዜም እንዲህ ነበር። እናታቸው ስትሞት ሀብትነሽ የዐሥራ ሁለት፣ እሱ የአምስት ዓመት ልጆች ነበሩ። እሷ ትሠራለች፣ እሱ ይበላል፤ ከበላም፣ «እታለም፣ ጨው የለውም» ይላል። ጨው ስትጨምር ይላል፤ ስታበዛም ይላል። በማማሰያ ስትመታው እያለቀሰ ይላል። ይህን ሳይል የዋጠውን ምግብ ሀብትነሽ አታስታውስም።

ታዲያ ከሦስት ሳምንት በፊት እንዳለው ከማንኩሳ መንገድ ዳር፣ ለጫካ ሰዎች የሚያደርሰውን አንድ ስልቻ በሶ እንደተሸከመ ተያዘ። ጠመንጃ አልያዘም። ማን እንደሆነም ያወቀው አልነበረም። ከተያዘባት ሰዓት ጀምሮ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ገረፉት፤ ዝም። በረሃብ አከረሙት፤ ዝም። ወታደሮቹ በመጨረሻ «ዲዳው» ብለው ስም አወጡለትና ውሃ ያስቀዱት ጀመር።

ባላምባራስ ይህን እንደሰሙ እንደገና በቅሎ ጫኑ። ለምሽጉ መቶ አለቃ፣ «ያ ዲዳ የኔ ከብት ጠባቂ ነው፤ ሲወለድም ዲዳ፣ ሲያድግም ሞኝ ነበር» አሉት። መቶ አለቃው አፋቸውን እያየ እስኪጨርሱ ሰማቸው። አስተርጓሚው ያህያ፣ በቡሬ ገበያ ጨርቅና ቅመም የሚሸጥ፣ አሥመራ ሲመላለስ ጣልያንኛ የለቀመ ሰው ነው። መልሱን እሱ አመጣላቸው።

«ይሁን ይላል። ዲዳውን ይዤ ቤትህ እመጣለሁ፤ የኔ ነው ብለህ ፊት ለፊት ትለየዋለህ፤ እዚያው እፈርምልሃለሁ። ደግሞ…» ያህያ ጺሙን ዳሰሰ። «ደግሞ የሚበላ ነገር አምሮታል። እናቱ ትሠራለት የነበረ።»

«ምንም ይሁን ይዘዝ!» አሉ ባላምባራስ፤ «በፈለገው ቀን ይምጣ!»

የፈለገው ቀን ረቡዕ ሆነ። ስሕተቱ የተሠራው እዚህ ላይ ነው፤ የሠሩትም ባላምባራስ ናቸው። ሰው የሚደሰትበትን ቃል ሲናገሩ ቀን የመቁጠር ልማድ አልነበራቸውም። አዋጁን አውጀው ከድንጋዩ ሲወርዱ ነው ሀብትነሽ ቀስ ብላ የነገረቻቸው።

«ጌታው፣ ረቡዕ እኮ ጾም ነው።»

«እሱ አይጾምም።»

«እሱስ አይጹም። ወተትና አይቡን ግን ማን ይቀምሰዋል? እኔ አልቀምስ፣ እርስዎ አይቀምሱ።»

ባላምባራስ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «አይብ ምን ይቀመሳል? አይብ አይብ ነው! አዋጅ ደግሞ አንዴ ከወጣ አይመለስም።»

ያህያ ሰኞ መጥበሻ ይዞ መጣ። ከምሽጉ የተላከ፣ እጀታ ያለው ጥቁር ብረት ነው። ጓዳው በር ላይ ቁጢጥ ብሎ ነገሩን ያስረዳት ጀመር።

«እንደ ሻሽ የሳሳ ቂጣ ነው እትዬ። ዱቄቱ የስንዴ፤ በእንቁላል ይታሻል፣ በወተት ይቀጥናል። ከዚያ አይቡን መሐሉ ያደርጉና እንደ አራስ ልጅ ይጠቀልሉታል።»

«ስሙስ?»

«ክሬስፔሌ።»

«ምን?»

«ስሙን ይተዉት እትዬ። ከስሙ ይልቅ አይቡን ይያዙ።»

የመጀመሪያው ቂጣ ከመጥበሻው አልላቀቅም አለ። ሁለተኛው እንደ አሮጌ ነጠላ ተቀደደ። ሦስተኛውን ባላምባራስ አጠገቧ ቆመው፣ «ይሄ የመንግሥት ጉዳይ ነው» እያሉ በሉት። ማክሰኞ ዕለት እጇ ነገሩን አወቀው፤ ሊጡን ጠብ አድርጋ መጥበሻውን ስታዞረው፣ ጨረቃ ጉም ውስጥ ስትገባ እንደሚሆነው ዳርዳሩ እየሳሳ ይሰፋል። ቀመሰችው። ጨውም፣ ቅቤም፣ አይብም እንደሚሆነው ሆኗል። ባላምባራስ ሰባት በልተው፣ «ለሙከራ ያህል ደህና ነው» አሉ።

በዚያው ማክሰኞ ረመዳን ገባ። ያህያ ለመሰናበት ሲነሣ፣ «ነገ እኔም አፌ የታሰረ ነው እትዬ» አላት። ሀብትነሽ ከደጃፉ ቆማ ስታየው ቆየች። ነገ በዚህ ቤት ከእንግዳው በቀር የሚበላ አፍ እንደማይኖር ያን ጊዜ ገባት። ልጅ ቢኖራት ልጅ ይቀምስላት ነበር፤ እሷ ልጅ የላትም። ጎረቤትም ቢሆን ሰላቶ ወደሚመጣበት ቤት ልጁን አይልክም።

ሀብትነሽ ወንድሟ ከተያዘ ወዲህ አንድ ሕልም ብቻ ነው የምታየው። እንዳለው ከፈጣም ማዶ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይበላል። የሚበላው ነገር አይታይም። አፉ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፁ ግን አይሰማም፤ የሚለውን ግን ታውቀዋለች። እሷም መዳፏ ሙሉ ጨው ዘግና ወንዙ ውስጥ ትገባለች። ውሃው እስከ ጉልበቷ፣ እስከ ወገቧ፣ እስከ ደረቷ ይደርሳል፤ እጇን ከፍ አድርጋ ትሻገራለች። ማዶ ስትደርስ መዳፏን ትከፍተዋለች፤ እርጥብ መዳፍ ብቻ ነው፤ ጨዉ ቀልጦ አልቋል። እንዳለውም አይቆጣትም። ባዶውን መዳፏን አይቶ ማኘኩን ይቀጥላል።

ረቡዕ ጧት ከዚህ ሕልም ነቅታ ወደ ጓዳ ስትሄድ ወንዙም አብሯት የገባ መሰላት። ከፈጣም የተነሣ ጉም ሜዳውን አልፎ፣ አጥሩን ዘሎ፣ በበሩ ሥር ሾልኮ ቤት ገብቷል። ላሟ ከበረት ስታገሣ ድምፁ ከሩቅ አገር የመጣ ይመስላል። አሬራውን ለዘብ ያለ እሳት ላይ ጣደችው። አይብ ችኩል ሰው አይወድም፤ እሳቱ ከበረታ እንደ ጎማ ይደርቃል፣ ካነሰም አይለይም። ተቀምጣ ጠበቀችው። ከብዙ ጊዜ በኋላ ነጩ ከታች ቀስ ብሎ ተነሣ፤ መጀመሪያ እንደ ጭስ፣ ቀጥሎ እንደ ዳመና። አጓቱ ጠርቶ ለብቻው ቀረ። አይቡን በንጹሕ ጨርቅ ቋጥራ ሰቀለችው፤ ጠብ፣ ጠብ ይላል።

በዚያ ጠብታ መሐል የት እንደነበረች ራሷም አታውቅም። እንቁላሎቹን ሰበረች፤ ስድስት ፀሐይ ገበቴው ውስጥ ተንሳፈፈ። ዱቄቱን ነፋችበት፤ ወተቱን እያንጠባጠበች በጥብጣ አቀጠነችው። ሊጡን ስታዞር እንዳለው የአምስት ዓመት ልጅ ሆኖ ቀሚሷን ይዞ አብሯት ይዞራል። መጥበሻው ጋለ፤ ቅቤ ነካችው፤ ሊጡን ጠብ አደረገች። ስስ ቂጣው ከጥቁሩ ብረት ላይ ብድግ ሲል ጉሙ ራሱ የተጋገረ መሰላት። እየጠቀለለች ደረደረች። ዐሥራ ሁለት ሆኑ። ጨው የሚቀመጥባት ትንሿ ቅል ከምሰሶው ላይ እንደተንጠለጠለች ነበር፤ በዚያን ዕለት ማንም አልነካትም።

እንግዶቹ ጉሙ ሳይገፍ ደረሱ። መጀመሪያ የበቅሎ ኮቴ ተሰማ፤ ቀጥሎ መቶ አለቃው ከነባርኔጣው ከነጩ ውስጥ ወጣ፤ ቀጭን፣ ፊቱ ፀሐይ የላጠው፣ በዕድሜው ሽማግሌ ይሁን ጎልማሳ የማይለይ ሰው ነው። ከኋላው ያህያ፣ ከያህያ ኋላ አስካሪ የሚባሉ ሁለት የጣሊያን ቅጥር ወታደሮች፣ ከአስካሪዎቹ መሐል ደግሞ እጁ ከፊቱ በገመድ የታሰረ ሰው።

ሀብትነሽ አየችው። አጥንቱ ወጥቷል። ሱሪው በልጥ ታስሮ ነው የቆመው። አፉን ገርበብ አድርጎ፣ ምላሱን በጥርሱ ይዞ፣ መሬቱን እያየ ቆመ። ሞኝ መሆንን አሳምሮ ይችልበታል። የበሩን መቃን ያዘች።

ባላምባራስ ግን አልዘገዩም። «ኧረ ይሄ ዲዳዬ!» ብለው ጮኹ፤ ሄደውም ጀርባውን በመዳፋቸው ጠፈጠፉት። «የት ጠፍተህ ነው ላሞቹን ትተህ? አየህ ያህያ፣ ንገረው፤ ይሄ ሰው ከጥጃ የሚለየው በጭራው ነው።»

ያህያ ተረጎመ። መቶ አለቃው ግን ትርጉሙ ሳይደርስ ገና ከንፈሩ ጥግ ላይ ትንሽ ነገር ተንቀሳቅሶ ነበር። ሀብትነሽ አየችውና የምን ሳቅ እንደሆነ አልገባትም።

ቤት ገብተው ተቀመጡ። አባ ክንፈሚካኤል በዕለቱ ለምስክርነት ተጠርተው ከምሰሶው ሥር ተቀምጠዋል። ዲዳውን ከበሩ አጠገብ አስቀመጡት፤ አስካሪዎቹ በቅሎዎቹን ይዘው ከአጥሩ ውጭ ቀሩ። መቶ አለቃው ከደረት ኪሱ የታጠፈ የመፍቻ ወረቀት አውጥቶ ከጎኑ አኖረው፤ ብዕርም ጨመረበት።

«ይሄ ነው?» አሉ ባላምባራስ።

«ይሄ ነው» አለ ያህያ። «ስም በሚጻፍበት ቦታ ዲዳ ብሎ ጽፏል። ከበላ በኋላ ይፈርማል።»

«እንግዲያ ቶሎ ይብላና ይሂድልን» አሉ ባላምባራስ ፊታቸው በፈገግታ እንደበራ። «ይሄ ሰላቶ ሲያዩት ቀጭን ነው፤ ሆዱ ግን ጎተራ ሳይሆን አይቀርም። ምን ልለው ነው? ቤትህ ነው፣ ተጫወት በለው።»

ያህያ በጣልያንኛ ረዥም ነገር ተናገረ። መቶ አለቃው ራሱን ነቀነቀ።

«ምን አልከው?»

«በመምጣትህ ቤታችን በራ ብለውሃል አልኩት።»

«ጎተራውን ተውከው?»

«ተውኩት።»

«ጎበዝ።»

አባ ክንፈሚካኤል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ እጅጉ፣ ቀስ። ይሄ ሰው የሚያየው የተናጋሪውን አፍ እንጂ የያህያን አይደለም።»

«አባቴ፣ ምን ያውቃል ብለው ነው! ሁለት ዓመት ሙሉ ከኔ ጋር ሲቀመጥ አንድ ቃል አልተማረም። እንደዚህ ዲዳ በሉት።»

ሀብትነሽ ጥቅሎቹን በሣህን ደርድራ ገባች። ቅቤው ላያቸው ላይ ያበራል፤ እንፋሎቱ እየተጥመለመለ ይወጣል። መቶ አለቃው ሲያያቸው ባርኔጣውን አውልቆ ከጭኑ ላይ አደረገ። አፉ ውስጥ አንድ ነገር አጉተመተመ፤ ያህያም አልተረጎመውም። ከዚያ እጁን ሰብስቦ ተቀመጠ። አልነካም።

«ምን ይጠብቃል?» አሉ ባላምባራስ።

ያህያ ጠየቀ፤ መልሱን ሰማ፤ ጺሙን ዳሰሰ።

«እርስዎ ራስዎ በመስቀል ዕለት ነግረውኛል ይላል። በእናንተ አገር ለክቡር እንግዳ ጠጁም ምግቡም ሳይቀመስ አይቀርብም ብለውታል። ቀማሹን ነው የሚጠብቀው።»

እውነት ነው፣ ነግረውታል። ያን ዕለት የአባታቸው ቤት ስንት ቀማሽ እንደነበረው ሲያወሩለት አምሽተዋል። አሁን አባ ክንፈሚካኤልን አዩ። አባ ክንፈሚካኤል የጣራውን ወጋግራ አዩ። ባላምባራስ ወደ ያህያ ዞሩ።

«ያህያ፣ አንድ ጊዜ ንከስለት።»

«ረመዳን ነው ባላምባራስ።»

«ትንሽ።»

«ትንሽ ረመዳን የለም።»

ጉሙ በበሩ እየገባ ከጥቅሎቹ እንፋሎት ጋር ይቀላቀላል። መቶ አለቃው አንዱን ፊት ትቶ ወደ ሌላው እያየ ነው። አራት ሰው የተሰበሰበበት ቤት ውስጥ አንድም ሰው የማይነካው ምግብ ፊቱ ተቀምጧል። እጁ ቀስ ብሎ ወደ ወረቀቱ ሄዶ ማጠፍ ጀመረ።

ሀብትነሽ ወረቀቱ ሲታጠፍ አየች። ረቡዕ የሚባል ቀን ከራሷ ውስጥ ወጥቶ ሄደ። አንዱን ጥቅል አነሣችና ወደ አፏ ወሰደችው።

«ሀብትነሽ!» አሉ አባ ክንፈሚካኤል።

አስበው አይደለም። ሠላሳ ዓመት የንስሐ ልጆቻቸውን ሲጠብቁ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ድምፃቸው ነው ከሳቸው ቀድሞ የወጣው። እጇ መንገድ ላይ ቆመ። መቶ አለቃው ቄሱን አየ፤ እሷን አየ፤ ጥቅሉን አየ። ከዚያ ጣቱን ወደ በሩ ዘረጋና አጭር ነገር ተናገረ።

«ዲዳው ይቅመስ ነው የሚለው» አለ ያህያ።

ባላምባራስ እፎይ አሉ። «ምን አለበት! ይቅመስ! እስረኛ ቀኑን አያውቅ፣ ሞኝ ጾም የለበት። እግዜርም ይቅር ይላል፤ አይደል አባቴ?»

አባ ክንፈሚካኤል ከወጋግራው ሳይወርዱ፣ «እግዜር ያውቃል» አሉ።

ሀብትነሽ ጥቅሉን ይዛ ወደ በሩ ሄደች። ከመደቡ እስከ በሩ ስምንት እርምጃ ነው፤ ለሷ ግን ውሃው እስከ ጉልበቷ፣ እስከ ወገቧ መጣ። ከፊቱ ተንበረከከች። እጁ ታስሯል፤ ስለዚህ አጎረሰችው። ፊቱን አላየችም፤ ያየችው የእስር ቤት አቧራ የሞላበትን ጺሙን፣ ከጺሙ መሐል የሚከፈተውን አፍ ብቻ ነው። በግራ በኩል ያሉት የመንጋጋ ጥርሶቹ በልጅነቱ ከበቅሎ ሲወድቅ የወለቁ ናቸው። እጇ ይህን ያውቃል፤ ጉርሻውን በቀኝ በኩል አደረገችለት።

አኘከ። ዓይኑ ተከደነ። ሦስት ሳምንት ቆሎ የቆጠረ አፍ ነው። ጉሮሮው ወጣ ወረደ።

በእኛ ዘንድ ጉርሻ በአንድ አይቆምም። ሁለተኛውን ማንም ሳያዛት አጎረሰችው። ቅቤው በጺሙ ላይ ወረደ፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት። ይህን ስታደርግ እንዳለው ሰውነቱ ላላ፤ ትከሻው ወረደ፤ ፊቱ ላይ የነበረው ሞኝ ቀስ ብሎ ለቆት ሄደና ሌላ ፊት መጣ፤ የድሮ ፊት፣ ምድጃ ዳር የተቀመጠ ልጅ ፊት። አሁን በዚያ ቤት ምሽግ የለም፣ ገመድ የለም፣ አስካሪ የለም። ጅራፍ ያልከፈተው አፍ በአይብ እንደተሞላ ተከፈተ፤ ቅር ባለው፣ በደንብ በሚሰማ ድምፅም፣

«እታለም፣ ጨው የለውም እኮ» አለ።

ከጣራው ላይ የጉም ጠብታ ወደቀ፤ ድምፁ ተሰማ።

የመጀመሪያው ባላምባራስ ናቸው። «ተአምር!» ብለው ብድግ አሉ፤ ከዘራቸውን ወደ ጣራው አነሡ። «ዲዳው ተናገረ! ሠላሳ ዓመት ያልተናገረው! አባቴ፣ አይተዋል? በዓይንዎ አይተዋል!»

«ስብሐት ለእግዚአብሔር» አሉ አባ ክንፈሚካኤል፤ ግን ድምፃቸው የተዝካሩን ዕለት ድምፅ ይመስል ነበር።

«ያህያ ንገረው! ዲዳው በአይቡ ኃይል ተፈወሰ በለው! የእናቱ ምግብ ነው የፈወሰው በለው!»

ያህያ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ በጣልያንኛ ይተነትን ጀመር። መቶ አለቃው አልሰማውም። ከሣህኑ አንድ ጥቅል አነሣ፤ በጣቱ ቆረሰ፤ አፉ ውስጥ አድርጎ ቀስ ብሎ፣ እንደሚያስታውስ ሰው አኘከ። ዋጠ። ከዚያ ከሦስቱ ወንዶች አልፎ በሩ ሥር የተንበረከከችውን ሴት አየና፣

«ተአምር አይደለም እመቤቴ» አለ፣ በአማርኛ፤ አባባሉ የቡሬ ገበያ አባባል፣ አክብሮቱም አንድ ያልጎደለው ነው። «ወንድምዎ እውነቱን ነው። ጨው የለውም።»

የያህያ እጆች አየር ላይ እንዳሉ ቀሩ። ባላምባራስ ከዘራቸውን ቀስ ብለው አወረዱ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ሁለት ዓመት በዚህ ሰው ፊት የተናገሩትን ሁሉ አንድ በአንድ የሚያስታውሱ ይመስል ነበር፤ ከጎተራው ጀምረው ወደ ኋላ ሲሄዱ ፊታቸው እየገረጣ ሄደ። አባ ክንፈሚካኤል ከወጋግራው ወረዱና ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንዳለው ራሱ ምን እንዳደረገ ገብቶት አፉን ገጠመ፤ የገጠመው ግን ከነአይቡ ነው።

ሀብትነሽ ተነሣች። ሌላ የምታደርገው ነገር አልታያትም። ጓዳ ገባች፤ ከምሰሶው ላይ ቅሏን አወረደች፤ መዳፏ ሙሉ ጨው ዘገነች። ስትመለስ ጉሙ ቤቱን ሞልቶት ነበር። እጇን ከፍ አድርጋ ተሻገረችው። በሩ ዘንድ ስትደርስ መዳፏን ከፈተች።

ጨዉ እንዳለ ነበር፤ ደረቅ፣ ነጭ፣ አንዲት ፍሬም አልቀለጠች።

ሦስተኛውን ጥቅል ከፍታ ነሰነሰችበትና ለወንድሟ አጎረሰችው። መቶ አለቃውም ሣህኑን ዘረጋ፤ ለሱም ነሰነሰችለት። እጁን በመሐረቡ ጠረገ፣ ወረቀቱን ፈታው፣ ብዕሩን አነሣ። በራሳቸው ፊደል የተጻፈውን ዲዳ የሚለውን ቃል በአንድ መስመር ሰረዘው፤ ብዕሩንም ከተሰረዘው በላይ ባለው ባዶ ቦታ አስጠጋ።

«ስሙን ይንገሩኝ» አላት።

ባላምባራስ ራሳቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁላት። ያህያ ከልማዱ የተነሣ ሊተረጉም አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ሀብትነሽ የብዕሩን ጫፍ አየች፤ ከዚያ አምና ጸሎት የተደረሰለትን፣ ስኳር የተላከለትን፣ አሁን በቀኝ በኩል የሚያኝከውን ሰው አየች።

«እንዳለው» አለች።

«አቤት» አለ ወንድሟ።